ፓርኪንሰን ላለባቸው አባቴ የአንጎል ኤምአርአይ የወደፊቱን የመርሳት ችግር አስቀድሞ ሊናገር ይችላል?

የአራዳው ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴን ስለሚመለከት ጉዳይ የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አባቴ 71 ዓመታቸው ሲሆን ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ አምስት ዓመት አልፏል። ሕመሙ በቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ አሁን እርምጃቸውን አሳጥሮታል፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርጎታል፤ ሆኖም መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሲወስዱ ከቤታችን እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ያለ ረዳት ደርሰው ይመለሳሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበሩ የቤቱን ወጪ በደብተር የሚይዙት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን አንድ ገጽ ደምረው ሳይጨርሱ እርሳሱን አስቀምጠው ይነሣሉ፤ ጊዜ ወስደው ሲጨርሱት ግን ድምሩ አሁንም ልክ ይመጣል። በቅርቡ ደግሞ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው፣ ሰፈራችንን የሚያውቅ ሰው አምጥቶ አስረከበን። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሶ መንገዱ ከተለወጠ ወዲህ እኔም ራሴ አንዳንድ ማዕዘን ላይ ስደርስ ግራ ስለሚገባኝ፣ ይህን የበሽታው ምልክት ልበለው ወይስ የከተማው ለውጥ ያመጣው ነው የሚለውን መለየት አልቻልኩም።

ይህን ስናማክር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ «የአንጎል ኤምአርአይ ይነሡ፤ ወደፊት የመርሳት በሽታ ይይዛቸው አይይዛቸው ቁርጡ ይታወቃል» ተባልን። ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያሳይ ሌላ ዓይነት ምስል እንዳለና የሚሻለው እሱ እንደሆነ ሰምቻለሁ ይላል። በአባቴ ጡረታና በእኔ ደመወዝ ለምንተዳደር ሰዎች ወጪው ቀላል ስላልሆነ፣ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምስሉ በእርግጥ የወደፊቱን ይናገር እንደሆነ፣ የሚናገር ከሆነም የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የነርቭ ሐኪም

ለአባትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። የተለመደው ኤምአርአይ አንድን የፓርኪንሰን ታማሚ ለብቻው ነጥሎ «ይህ ሰው የመርሳት በሽታ ይይዘዋል፣ ያኛው አይይዘውም» ብሎ ቁርጡን አይናገርም፤ እንዲህ ብሎ የነገራችሁ ባለሙያ ከምስሉ አቅም በላይ ቃል ገብቷል። ይህን ስል ምስሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪሞች በፓርኪንሰን ታማሚ ላይ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን የምናዝበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ የአስተሳሰብ መቀነሱ ከፓርኪንሰኑ ውጭ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በተደጋገሙ ትናንሽ የደም ሥር መዘጋቶች፣ በዕጢ፣ በአንጎል ውስጥ ውኃ በመጠራቀም ወይም ከመውደቅ በኋላ ቀስ ብሎ በሚጠራቀም ደም የመጣ እንደሆነ ለማጣራት ነው። እነዚህ ዐይተን የምንለያቸው፣ አንዳንዶቹም የሚታከሙ ነገሮች ናቸው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስብ ግን መካድ አይቻልም። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የስሜት ሕዋሳትና አእምሮ ሳይነኩ ይቀራሉ ብሎ ነበር፤ ጊዜው ግን ይህን አላጸናለትም። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ፣ ታማሚዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት እስከዚያ በሕይወት ከቆዩት ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት የመርሳት በሽታ እንደያዛቸው አሳይቷል። ይህችን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ብቻዋን አግኝቶ የማይደነግጥ ቤተሰብ ስለሌለ፣ ሌላውንም አብሬ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረውና ፒፒኤምአይ ተብሎ በሚጠራው ዓለም አቀፍ ክትትል ውስጥ፣ በሕመሙ 10ኛ ዓመት ላይ የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድል 9 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታተም ጎን ለጎን የቀረበው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ክትትል ደግሞ በዚያው 10ኛ ዓመት 27 በመቶ ገደማ አሳይቷል። በፒፒኤምአይ የገቡት ሰዎች በአብዛኛው ብዙ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውም ብዙ ያልገፋ ስለሆኑ፣ እንኳን የአንድን ሰው ዕጣ የአንድን አገር ታማሚዎች ዕጣ እንኳ ከአንድ ቁጥር ማንበብ እንደማይቻል ከዚህ ይረዱ።

ወደ ምስሉ ስመለስ፣ ተመራማሪዎች የማስታወስ ችግር በኋላ የመጣባቸውንና ያልመጣባቸውን ታማሚዎች የቀደሙ ምስሎች ሲያነጻጽሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወሻ ክፍል አነስ ብሎ፣ የአንጎሉም ውጫዊ ሽፋን በተለይ ከኋላና ከጎን ሳስቶ ያገኙታል። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የቡድን ልዩነት ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማካይ ከ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ይረዝማሉ፤ ሆኖም ቁመቱን ብቻ ነግረውኝ «ይህ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው?» ቢሉኝ በብዙዎቹ ላይ እስታለሁ። የአባትዎ ሂፖካምፐስ «ትንሽ አነስ ብሏል» የሚል ወረቀት ይዘው ቢመጡ እኔም የምሆነው እንዲሁ ነው።

ታላቅ ወንድምዎ ያነሡት ምስል ዳትስካን የሚባለው ይመስለኛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈቀደው መንቀጥቀጡ ከፓርኪንሰንና ከተመሳሳይ በሽታዎች የመጣ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው የሚለውን ለመለየት እንዲያግዝ ነው። አባትዎ ምርመራቸው ከታወቀ አምስት ዓመት አልፎ በመድኃኒታቸው እየተንቀሳቀሱ ስለሆነ፣ ያ ጥያቄ ለእሳቸው ተመልሷል ማለት ይቻላል።

አሁን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ወደ ጻፉት ልሂድ፤ ምክንያቱም ከምስሉ ይልቅ የሚናገረው እሱ ነው። በፓርኪንሰን የሚመጣው የአስተሳሰብ ችግር በግርድፉ ሁለት መልክ አለው የሚል አስተያየት በዘርፉ ሰፊ ተቀባይነት አለው። አንደኛው ትኩረትን የመያዝ፣ የማቀድና ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የመዞር ችግር ነው፤ ይህ ከዶፓሚን ማነስ ጋር የተያያዘ፣ ቀን ከቀን የሚለዋወጥ፣ ብዙ ጊዜም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ደብተሩን ጀምረው መተዋቸው፣ ጊዜ ወስደው ሲሠሩት ግን ድምሩ ልክ መምጣቱ ወደዚህ ያዘነብላል። ሁለተኛው የአንጎልን የኋላ ክፍል የሚመለከት ሲሆን፣ ቅርጽን መገልበጥ፣ አቅጣጫን መለየትና ቃላትን ከነትርጉማቸው ማውጣት ላይ ይታያል። በእንግሊዝ፣ በኬምብሪጅ፣ አዲስ ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾችን መገልበጥ ያቃታቸውና በ90 ሰከንድ የእንስሳት ስም ሲጠሩ ቶሎ ያለቀባቸው ሰዎች ወደ መርሳት በሽታ የመሄድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ለዚህ ፈተና የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።

ስለዚህ መንገድ መጥፋቱ ከደብተሩ ይልቅ ትኩረቴን ይስባል፤ የፒያሳው ነገር ግን እውነትም ፍርዱን ያከብደዋል። ያልተለወጠ ቦታ ላይ ይመልከቷቸው፤ በቤት ውስጥ የመጸዳጃ ቤቱን በር ይስታሉ ወይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ በየትኛው በር እንደገቡ ይጠፋባቸዋል ወይ? ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ነገር ይጻፉልኝ፦ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ሳይቀር፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው ይጮኹ ወይም ይራገጡ እንደሆነ፣ እንዲሁም የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ይታያቸው እንደሆነ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ከላይ የተሰጠው መልስ ለቤተሰቡ ትክክለኛ ምክር ነው፤ የዘርፉን ምርምር ግን ትንሽ አሳንሶ ያቀረበው ስለመሰለኝ ጥቂት ልጨምር። «ኤምአርአይ አይተነብይም» ማለትና «በየማዕከሉ የሚነሣው ኤምአርአይ በዓይን ታይቶ አይተነብይም» ማለት አንድ አይደሉም።

በአንጎል ሥር በኩል፣ ከፊት ለፊት፣ በቪየናው ሐኪም በማይነርት ስም የሚጠራ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት አለ። አሴቲልኮሊን የተባለውን ኬሚካል ለአንጎሉ ውጫዊ ሽፋን በሙሉ የሚያከፋፍለው በዋናነት ይህ ክምችት ነው፤ በፓርኪንሰን ትኩረትና ማስታወስ የሚዳከሙት በዶፓሚን ማነስ ብቻ ሳይሆን በዚህም መጎዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች፣ ከነዚህም አንዱ በፒፒኤምአይ ምስሎች ላይ የተሠራ፣ አስተሳሰባቸው ገና ጤናማ ከሆነ ታማሚዎች ውስጥ ይህ ክፍል አነስ ብሎ የተገኘባቸው በቀጣዮቹ ዓመታት ለአስተሳሰብ መቀነስ ይበልጥ የተጋለጡ እንደነበሩ አሳይተዋል። ከመጠኑም በፊት በሕዋሳቱ መካከል የውኃን እንቅስቃሴ የሚለካው የኤምአርአይ ዓይነት ለውጡን ቀድሞ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንጎሉ ሽፋን መሳሳት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚታይ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ወደ መነሻው ይጠጋል።

ፔት ስካንም አለ። ስኳር መሰል ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ አንጎል የትኛው ቦታ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠቀም ሲታይ፣ ወደ መርሳት በሽታ በሚያመሩ ታማሚዎች ላይ የኋላኛው ክፍል አጠቃቀሙ ቀንሶ ይታያል፤ ይህም ሐኪሙ ከጠቀሱት ከቅርጽ መገልበጡ ፈተና ጋር አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል። ችግሩ ለዚህ የሚያገለግለው ጨረር አፍላቂ ፍሎሪን በ110 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ የሚያልቅ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አምራቹ ማሽን እዚያው ከተማ ውስጥ ወይም ቅርብ ካልሆነ አገልግሎቱ አይታሰብም።

በሐኪሙ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የምስማማበት ቦታ ግን አለ። በፒፒኤምአይ መረጃ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ጥሩ ትንበያ የተገኘው ዕድሜን፣ የማሽተት አቅምን፣ የእንቅልፍ መታወክን፣ ከጀርባ አጥንት በሚቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችንና የዶፓሚን ምስልን በአንድ ላይ በማቀናጀት ነበር። ምስሉ ብቻውን ሳይሆን ከብዙዎች እንደ አንዱ ገብቶ ነው የረዳው። በኮምፒውተር የሠለጠኑ ሞዴሎችም ከሠለጠኑባቸው ሰዎችና ማሽኖች ውጭ ሲወሰዱ ውጤታቸው ይወርዳል፤ አብዛኛዎቹ ደግሞ የሠለጠኑት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ታማሚዎች ላይ ነው። እዚሁ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የምንማር ሰዎች የራሳችንን ታማሚዎች ምስል በአንድ ወጥ መንገድ ማስቀመጥ እስካልጀመርን ድረስ የሌላውን ሞዴል አምጥቶ መለጠፍ አያዋጣም የሚል እምነት አለኝ።

ራዲዮግራፈር

በአንድ የምስል ምርመራ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ከላይ ያሉት ሁለቱም የተናገሩትን ከማሽኑ ጎን ሆኜ ላብራራ። ለታካሚ የሚሰጠው የውጤት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ለዕድሜው የሚጠበቅ መጠነኛ የአንጎል መቀነስ» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ራዲዮሎጂስቱ በዓይኑ አይቶ የሰጠው ፍርድ እንጂ የተለካ መጠን አይደለም። ጥናቶቹ የሚለኩት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው፣ ያለ ክፍተት በተነሡ ቁራጮች ላይ በሶፍትዌር ነው፤ በተለመደው ምርመራ ግን ቁራጩ ብዙ ጊዜ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውና በመካከሉ ክፍተት ያለበት ነው። ተማሪው የጠቀሱት ትንሽ ክምችት ደግሞ ድንበሩ በምስሉ ላይ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ከሞቱ ሰዎች አንጎል በተሠራ ካርታ እየተመሩ ነው የሚለኩት። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ «ኤምአርአይ ተነበየ» የሚል ዜና ያነበበ ሰው እኛ ጋ መጥቶ የሚነሣው ያንኑ ምስል አይደለም።

ምናልባት ለማንሣት ከወሰናችሁ ግን የሚከተለውን ልብ በሉ። አባትዎ ሌቮዶፓቸውን (ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት) ወስደው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ሰውነታቸው ሲፍታታ ይምጡ፤ ጭንቅላት በትንሹም ቢሆን ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የደበዘዘ ምስል ደግሞ የአንጎሉ ሽፋን የሳሳ ሊያስመስል ይችላል። ሰው ሠራሽ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ማንኛውም ብረት በሰውነታቸው ካለ ከመግባታቸው በፊት ይናገሩ። በዚህ ዕድሜ ክልል ያሉ ብዙ አባቶች ወታደር የነበሩ ስለሆኑ የጥይት ወይም የቦንብ ስብርባሪ ሳንጠይቃቸው አያነሡትም፤ አንዳንዶቹም «እሱማ ድሮ ነው» ብለው ያልፉታል። የውጤት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ጠይቀው ይውሰዱ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ምስል ቢነሣ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

እማማ ከካዛንቺስ

ልጄ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባለቤቴ ይህ ሕመም ስለነበረባቸው ግን ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛው ስለ ወረቀቱ ፈተና ነው። ሞካ የሚሉትን ባለ 30 ነጥብ ፈተና ሲፈተኑ፣ ሰዓት ሥለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንዲያሳዩ ተጠየቁ። እሳቸው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አስበው አጭሩን ዘንግ አምስት ቁጥር ላይ አደረጉት፤ ፈታኙ ወጣት ስሕተት ብሎ ነጥብ ቀነሰባቸው። ቀኑን ሲጠየቁም በእኛው ቀን መቁጠሪያ በትክክል ተናግረው ነበር። አባትህ ሲፈተኑ አጠገባቸው ሁንና በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠየቁ አስቀድመህ አስረዳ፤ የቀነሰችው ነጥብ አእምሮአቸው የቀነሰ አስመስላ ቤተሰብ ታስለቅሳለች።

ሁለተኛው ስለ ፊርማ ነው። የባለቤቴ ጽሕፈት እያነሰ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ባንክ ያለው ፊርማቸው ከሚፈርሙት ጋር አልመሳሰል አለ። ውክልና ለመስጠት ደግሞ ሰጪው የሚያደርገውን ዐውቆ በፈቃዱ መፈረም አለበትና፣ አባትህ ደብተራቸውን መደመር በሚችሉበት በዚህ ጊዜ፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ ይህን ጉዳይ ብትጨርሱት መልካም ነው። ይህን ለማድረግ የአንጎል ፎቶ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።

የአራዳው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእማማን ምክር ለአባቴ ሳነብላቸው ፈገግ ብለው «ሰዓቱን እኔም አምስት ላይ ነበር የማደርገው» አሉኝ።

ሐኪሙ የጠየቁኝን እነሆ። የሚወስዱት ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ፣ እንዲሁም ለመንቀጥቀጡ ተብሎ ከመጀመሪያው የታዘዘላቸው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ በተለምዶ አርቴን የሚባለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆዩ የጠዋቱን መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ይዘሉታል። እናቴን ስጠይቃት ሌሊት መራገጥና መጮኽ ከበሽታው በፊት ጀምሮ እንዳለባቸው ነገረችኝ። የሌለ ነገር ስለማየት ግን ያልጠበቅሁትን ሰማሁ፤ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ሲመሽ በሩ ሥር ትንሽ ልጅ ተቀምጦ እንደሚያዩ፣ የሌለ መሆኑንም ስለሚያውቁ ለእኛ መናገር እንዳፈሩ ለእናቴ ነግረዋታል። በቤት ውስጥና በቅጽሩ ውስጥ ግን መንገድ አይስቱም። በታኅሣሥ ደግሞ ደረጃ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ነበር፤ ደም ስላልፈሰሳቸው ሐኪም ቤት አልወሰድናቸውም። ራዲዮግራፈሩ እንዳሉት ግራ ጭናቸው ውስጥ ከውትድርና ዘመናቸው የቀረ ስብርባሪ አለ። እንግዲህ አርቴኑን ዛሬውኑ ላስቁማቸው? ኤምአርአዩንስ ላንሣቸው ወይስ ልተወው?

የነርቭ ሐኪም

የጻፉት ነገር መልሱን ብዙ ይለውጠዋል፤ በቅደም ተከተል ልሂድ።

አርቴኑን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ቀን አያስቁሙ። በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡና ግትርነቱ ሊባባስ፣ ግራ መጋባትም ሊመጣ ይችላል፤ በሚከታተላቸው ሐኪም ትእዛዝ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ ነው የሚወጣው። ሊወጣ የሚገባው መድኃኒት ስለመሆኑ ግን ጥርጣሬ የለኝም። ተማሪው ከማይነርት ክምችት የሚወጣ ብለው የገለጹት አሴቲልኮሊን አለ አይደል? አርቴን የሚሠራው በትክክል እሱን በመዝጋት ነው። በሽታው ያሳነሰውን ኬሚካል መድኃኒቱ ደግሞ ይዘጋዋል። በወጣት ታማሚ ለመንቀጥቀጥ ይጠቅማል፤ በ71 ዓመት ሰው ግን የማስታወስን ችግር፣ ግራ መጋባትንና የሌለ ነገር ማየትን ያመጣል ወይም ያባብሳል። በሩ ሥር ያለው ልጅ ከበሽታው ይሁን ከክኒኑ አሁን ማንም ሊነግርዎ አይችልም፤ ክኒኑ ከወጣ በኋላ ግን ይለይለታል። እስከዚያው አባትዎን አያሳፍሯቸው፤ የሌለ መሆኑን ማወቃቸው ጥሩ ምልክት ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱና ለዚህ ችግር ሃሎፔሪዶል ቢታዘዝላቸው ፓርኪንሰን እንዳለባቸው አስታውሰው ይከልክሉ፤ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ እንቅስቃሴያቸውን ክፉኛ ይጎዳዋል።

የሌሊቱ መራገጥ ከፓርኪንሰን ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ የታወቀ የእንቅልፍ መታወክ ይመስላል። ይህና የሌለ ነገር ማየት፣ ከዕድሜያቸው ጋር ተደምረው፣ ለአስተሳሰብ መቀነስ ያላቸውን ተጋላጭነት ከፍ ያደርጉታል። ይህን አልደብቅዎትም፤ ለማወቅም ምስል አላስፈለገንም።

ኤምአርአዩን በተመለከተ፣ ለትንበያ ከሆነ ይተዉት። የአንጎል ምስል ግን ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱ የታኅሣሡ መውደቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ከውጭ ደም ሳይታይ፣ በአንጎሉ ሽፋንና በአጥንቱ መካከል ለሳምንታት ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊኖረው ይችላል፤ የሚያሳየውም ልክ እርስዎ እንደገለጹት መዘግየትና መደንገር ነው። ይህንን ሲቲ ስካን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፤ በብዙ ቦታ ከኤምአርአይ ይረክሳል፤ በጭናቸው ያለው ብረትም አያሰጋውም። በዚህ ሳምንት ያሠሩት። ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ወይም የአንድ ወገን ድካም ካዩ ግን ቀን ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

በዚያው ቀጠሮ የደም ምርመራ ይጠይቁ፦ ቪታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ እጢና የደም ሕዋሳት ቆጠራ፤ የሽንት ምርመራም እንዲጨመር ያድርጉ። ሌቮዶፓን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል፤ አጽዋማትን ጠብቆ ከሥጋና ከወተት የሚርቅ አባት ደግሞ ይበልጥ ሊያንሰው ይችላል። የጠዋቱ ክኒን መዘለል የለበትም፤ ለታመመ ሰው ስለሚፈቀደው ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ ነገሩ ለእሳቸውም ይቀላል።

አርቴኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ የወረቀቱን ፈተና ይፈተኑ፤ ከሌቮዶፓው በኋላ ሰውነታቸው በተፍታታበት ሰዓት፣ በእኛው የሰዓት አቆጣጠር፣ የባለ አምስት ማዕዘን ቅርጾቹንም ጨምሮ። ያኔ ችግሩ ጸንቶ የዕለት ኑሯቸውን የሚያውክ ሆኖ ከተገኘ፣ ለፓርኪንሰን የመርሳት በሽታ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የተፈቀደው ሪቫስቲግሚን የተባለ መድኃኒት እንዲታሰብ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። የሲቲውን ውጤት ሲያገኙ እዚሁ ቢጽፉልን አያለሁ፤ ለኤምአርአይ ያሰቡትን ገንዘብ እስከዚያ አያውጡት።